በአካል እስክንገናኝ

ሞጆ ላይ የሰው ፊት ይነበባል። የፊት ጥርሱ የጎደለ ሰው ሲያልፍ «ይሄ ደግሞ ሄይ ብሎ የጻፈ ነው» ይባላል። ጆሮው የተጨማደደው ለሴት «ዲር ሰር» ብሎ የጻፈ ነው። ጣቱ የተደፈጠጠው መዝጊያ ሳይጽፍ የላከው ነው፤ ደህና ዋሉ ሳይል ውልቅ ብሎ እንደወጣ ይቆጠርበትና በሩን ጣቱ ላይ ይዘጉበታል። ተደብቆ የሚደረግ ነገር አይደለም። ደብዳቤ ተቀብሎ የሚመልሰው መልስ ቤት ግድግዳ ላይ በትልቁ ተለጥፏል። ከላይ «ክፉ ቃል ምት ነው፤ ምት በምት ይመለሳል» ይላል። ከሥሩ ዝርዝሩ አለ፤ የቱ ስህተት የቱን አጥንት እንደሚያሰብር።

ደብዳቤ የማይጻፍበት ነገር ደግሞ የለም። ውሃ ቢቋረጥ ደብዳቤ ነው፣ መድኃኒት ቢያልቅ ደብዳቤ ነው፣ የሞተ ሰው ለመቅበር እንኳ መጀመሪያ ደብዳቤ ነው። ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው። በመሃሉ ማንም አይጨነቅም፤ መሃሉን ማሽን ይጽፈዋል፣ እዛ ማዶም ማሽን ያነበዋል። ለሰው የቀረችው አፏና ጭራዋ ናት፣ መክፈቻዋና መዝጊያዋ። እሷን ሰው በገዛ ልቡ መምረጥ አለበት። እሷንም በማሽን ያስመረጠ ሰው ምን እንደሚደረግ ዝርዝሩ መጨረሻ ላይ አለ። ያንን የቀመሰ ሰው ተመልሶ ስላልመጣ ግን እንዴት እንደሆነ የሚያወራ አልተገኘም።

ኤልዳና እንግዲህ አፍና ጭራ መራጭ ናት። ከመልስ ቤቱ ፊት ለፊት፣ የአሮጌ ኮንቴይነር ጥላ ሥር ከተቀመጠች አስራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ትምህርቷ አራተኛ ክፍል ላይ ቀርቷል። እንግሊዝኛ ትችላለች ማለት አይቻልም፤ ሰላምታውን ግን ትችለዋለች። አርባ አፍና ስድሳ ጭራ በቃሏ ይዛለች። የምታውቀውም ከትርጉሙ ይልቅ ሙቀቱን ነው። «ካይንድ ሪጋርድስ» ለብ ያለ ነው። «ዎርም ሪጋርድስ» ትኩስ ነው፣ ላልተዋወቁት ሰው አይሰጥም፣ ያቃጥላል። «ቤስት» ብቻዋን ስትሆን ያደረች ሽሮ ናት። «ቺርስ» የሰካራም ነው። አፉ ሞቆ ጭራው ከቀዘቀዘ፣ ስሞ እንደመትፋት ነው የሚቆጠረው፤ እሱ ደግሞ ከንፈር ያስከፍላል።

አንድ ሰሞን ከቆዳ ፋብሪካው አንድ ወጣት መጥቶ ፊቷ ቁጢጥ አለ።

«እትዬ፣ ወንድሜ ሞቶ ነው፣ የቀብር ፈቃድ ልጽፍ።»

«ነፍስ ይማር። የምትጽፍለትን ሰውዬ ስሙን ታውቀዋለህ?»

«ከየት አውቄው!»

«እንግዲያው ዲር ሰር ኦር ማዳም ብለህ ትገባለህ፣ ዩርስ ፌይዝፉሊ ብለህ ትወጣለህ። ታማኝህ ነኝ ማለት ነው።»

«ስሙን ባውቀውስ ኖሮ?»

«ያኔ ዩርስ ሲንሲርሊ ነው። ከልቤ ማለት ነው።»

«ታዲያ ለማላውቀው ሰው ነው የምታመነው?»

«ታዲያስ! ለሚያውቁት ሰው ማን ይታመናል።»

ልጁ እንዳለችው ጻፈ፣ ወንድሙንም ቀበረ፣ ጥርሱም አልጎደለ። ለስንቱ እንዲህ አድርጋለች። ለገዛ ባሏ ግን አንድ ቀን አልመርጥም አለች፤ ነገሩ ሁሉ የመጣው ከዛ ነው።

ባሏ ያፌት ድሮ ደረቅ ወደቡ ላይ ክሬን ይነዳ ነበር። ስልሳ ሁለት ዓመቱ ነው። ቤታቸው እንደ ሰፈሩ ሁሉ ኮንቴይነር ነው፣ በበጋ ቅቤ ቢያስቀምጡበት ራሱ ይነጠራል። ያፌት ግራው ግድግዳ ላይ መስኮት ላስከፍት፣ ነፋስ ይግባልን አለ። መስኮት ማስከፈት ፈቃድ ይፈልጋል፣ ፈቃድ ደብዳቤ ይፈልጋል። ኤልዳናም ልትመርጥለት ተስማምታ ነበር፣ እትዬ ሶልያና ባትመጣ።

እትዬ ሶልያና ሰማንያ ዓመት አልፏታል። ጥርስ ቢያልቅባትም ወሬ አላለቀባትም።

«ግራው ግድግዳ ነው ያልሽኝ?» አለች፣ በርጩማዋን ሳብ አድርጋ።

«አዎ፣ ነፋስ ከዛ ነው የሚመጣው።»

«ነፋሱማ ይመጣል። የሜላት በርም በዛ በኩል አይደል?»

«ቢሆንስ?»

«እኔ ምን አውቄ፣ አሮጊት ነኝ። ማክሰኞ ለት ፀጉሯን እደጅ ስትታጠብ ያንቺ ሰውዬ ባልዲ ይዞላት አየሁ ልበል? ዓይኔ ደግሞ ደክሟል።»

ሜላት ገና አርባ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ባሏ ሞቶባታል፣ ቤቷ ከነ ኤልዳና ቤት በስተግራ ፊት ለፊት ነው። ይሄ ሁሉ ሳይበቃ እሷም አፍና ጭራ መራጭ ናት፤ የምትቀመጠውም ከኤልዳና አስር እርምጃ ራቅ ብላ ነው። ደንበኛ ስታባብል ሳቋ እስከ ባቡር ጣቢያው ይሰማል።

ያፌት ማታ ሲመጣ ኤልዳና ራት አቀረበች፣ ቃል ግን አላቀረበችም። በማግስቱ ጠዋት ደብዳቤውን ይዞ ፊቷ ቆመ።

«መሃሉ አልቋል። ጭራ ምረጪልኝ።»

«ጭራህን የምትቆላበትን ቦታ ታውቅ የለ? እዛው ሂድና ይምረጡልህ።»

«የምን ጭራ ነው የቆላሁት?»

«ባልዲ ይዘህ!»

«ኧረ አንቺ ሴትዮ፣ ጎረቤት ባግዝ…»

«ሂድ አልኩህ!»

ሄደ። እልከኛ ነው፣ አስር እርምጃዋን ተራምዶ ሜላት ፊት ተቀመጠ። ኤልዳና ጀርባዋን ሰጥታ ብትቀመጥም ጆሮዋ እዛው ነበር። ሜላት ስትስቅ ሰማች፣ «ለጋሽ ያፌትማ ልዩ ጭራ አለኝ!» ስትል ሰማች። ጭራው ምን እንደሆነ ግን አልሰማችም፤ ቆዳ የጫነ መኪና በመሃል አለፈ።

ሐሙስ ምሳ ሰዓት ላይ በራቸው ተንኳኳ። ቀስ ተደርጎ፣ ሦስቴ። ሞጆ ላይ እንዲህ በጨዋ ደንብ የሚያንኳኳ ሰው የለም። የመልስ ቤቱ ልክ አስገቢዎች ናቸው፣ ምት የሚመልሱት ብረቶች።

ሁለት ነበሩ። ቁመታቸው ጉበኑን ይነካል፣ እያንዳንዳቸው ሦስት ኩንታል ይመዝናሉ፣ አረማመዳቸው ግን የድመት ነው። ፊት የላቸውም፤ ፊት በሚሆንበት ቦታ የተወለወለ ብረት አለ፣ ሲያዩት የሚያዩት የራስን ፊት ነው።

«ጤና ይስጥልን» አለ አንደኛው። አንቱታቸው ለአንድ ቀን ተጓድሎ አያውቅም። «ምሳ ላይ ስለመጣን ይቅርታ ይደረግልን። አቶ ያፌት እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ። ግቡ፣ እንብላ» አለ ያፌት፣ ጉርሻውን እንደያዘ።

«እንዳይሮጡ ጉልበትዎን እንሰብራለን። ግራው ይሻልዎታል ቀኙ?»

ያፌት ቀልድ መስሎት ሳቀ። መልስ ያልሰጠ ሰው ግራው ነው፣ ዝርዝሩ ላይ አለ። ብረቱ ጎንበስ አለና እንደ ጭራሮ ቀጭ አደረገው። ድምፁ ያን ያህል አልነበረም። ወጡ ተደፋ። ያፌት ወለሉ ላይ ሆኖ የብረቱን እናት ሰደበ፣ ስድብ ምት ነው፣ በቀኝ ጉንጩ ተመለሰለት፣ ቆዳው ተተረተረ። አባቱንም ጨመረበት፣ በግራው ተመለሰለት። ሦስተኛው ሊወጣው ሲል ኤልዳና ዘላ አፉን በሁለት እጇ ደፈነችው።

«ዝም በል! ዝም በል አንተ ሰውዬ! የሚመቱህ በገዛ አፍህ ነው!»

በጣቶቿ መሃል ደም ወጣ። ብረቱ እስኪረጋጋ ጠበቀውና ውሳኔውን አነበበ። አቶ ያፌት መስኮት ለመክፈት በጻፉት ደብዳቤ መዝጊያው ላይ በተቀባዩ አካል ላይ ዝተዋል። የዛቻው ቃል እንዲህ ይላል ብሎ በእንግሊዝኛ አነበበ፣ ከዛ በአማርኛ ገለበጠው፦ «አካላችን እስኪጋጠም ድረስ ደህና ሁን።»

«ነገ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ይጋጠማሉ» አለ። «ምሳዎን ይጨርሱ።»

ምሳቸውን የሚጨርሱበት አፍ አልነበረም። በአንድ ክንዱ አንጠልጥለው፣ የተሰበረው እግሩ አቧራው ላይ እየጻፈ ይዘውት ሄዱ። ኤልዳና እዛው ወለሉ ላይ ቀረች። መጋጠም ምን እንደሆነ ታውቃለች። አምና አንድ ሹፌር ተናዶ «አገኝሃለሁ» ብሎ ጽፎ ነበር። አራት ልክ አስገቢዎች አገኙት። ሬሳው የመጣው በሁለት ከረጢት ነው፣ አንዱ እሑድ፣ ሁለተኛው ዘግይቶ ሰኞ ነው የደረሰው።

ከዛ ተነሳች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። ሜላት በሯ ላይ ሆና ነገሩን ሁሉ አይታ ቆማ እያለቀሰች ነበር። ኤልዳና አንድም ቃል ሳትናገር ፀጉሯን ያዘች።

ሰፈሩ ወጣ። የተያያዙት እንዲሁ በቀላሉ እንዳይመስላችሁ፤ ኤልዳና ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ግን ክንዷ የአናጢ ነው። ሜላትን ከኮንቴይነሩ ጋር ሁለቴ አጋጨቻት፣ ብረቱ እንደ ደወል ጮኸ። ሜላት ነከሰቻት። ኤልዳና በጉልበቷ ሆዷን አለቻት። እትዬ ሶልያና በርጩማዋን ይዛ ደርሳ ነበር።

«ጥፍር አይሆንም ኤልዱ፣ ምልክት ይቀራል! በቡጢ አድርጊው!»

«ምን ጻፍሽበት?» አለች ኤልዳና፣ አንገቷን አንቃ። «ባሌን በምን ገደልሽው?»

«በደግ ነው! በማርያም፣ በደግ ነው እትዬ!»

«ደግ ጉልበት ይሰብራል?»

«ልቀቂኝና ላሳይሽ!»

ለቀቀቻት። ሜላት ደሟን በቀሚሷ ጠርጋ ገባችና የብስኩት ቆርቆሮ ይዛ ወጣች። ውስጡ ወረቀት ነው፣ በእጅ የተጻፈ፣ ቢጫ የሆነ። የቅድመ አያቷ ደብዳቤዎች ናቸው፣ ባሏ ዘማች እያለ የጻፈችለት። አንዱን ዘርግታ እየተንሰቀሰቀች አነበበች፦ «ከሁሉ አስቀድሞ ለጤናህ እንደምን አለህልኝ? እኔ ካንተ ናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ…» ስትል ስትል መጨረሻው ላይ ደረሰች፦ «በአካል እስክንገናኝ ድረስ ደህና ሁንልኝ።»

ሰፈሩ አንገቱን አስግጎ ወረቀቱን አየ።

«ሰው ሲዋደድ እንዲህ ነበር የሚባባለው» አለች ሜላት። «እኔም ጋሽ ያፌት ጥሩ ሰው ነው፣ ጥሩ ጭራ ልስጠው አልኩ። ወደ እንግሊዝኛ ቃል በቃል ነው የገለበጥኩት።»

«ቃል በቃል ነው የገደልሽው!» አለች ኤልዳና። ቀጥላ ደግሞ፣ «ባልዲውስ?»

«የምን ባልዲ?»

«የማክሰኞው!»

ሜላት ቀኝ እጇን ከቀሚሷ ኪስ አወጣች። አራቱ ጣቶች ጠፍጣፋ ናቸው፣ ጥፍር የላቸውም። «ባለፈው ወር ጭራ ረስቼ» አለች በቀስታ። «ደንበኛ እንዳይሸሸኝ ደብቄው ነው። ባልዲ አያነሳልኝም።»

ኤልዳና ወደ እትዬ ሶልያና ዞረች። እትዬ ሶልያና ሰማዩን ታይ ነበር።

«ዓይኔ ደክሟል ብዬሽ የለ» አለች።

ዝርዝሩ ላይ አንዲት መውጫ አለች። የተከሰሰው ሰው ቃል አስረጂ ማቆም ይችላል። አስረጂ ማለት ቃሉ ለክፋት እንዳልሆነ ተናግሮ የሚያሳምን ነው። ካሳመነ ተከሳሹ ይለቀቃል። ካላሳመነ ምቱን እኩል ይካፈላል፣ በዛው ቦታ፣ በዛው ሰዓት። በዚህ ምክንያት ሞጆ ላይ አስረጂ ሲቆም የታየው ሁለቴ ብቻ ነው፣ ሁለቱም እናቶች ነበሩ።

«እኔ ልቁም። ጥፋቱ የኔ ነው» አለች ሜላት።

«ተይው። አንቺ አንድ ቃል ተናግረሽ ይሄ ሆነ። ባሌ ነው፣ እኔ እቆማለሁ።»

አርብ ጠዋት ሰዉ ሁሉ መልስ ቤቱ ግቢ ነበር። እትዬ ሶልያና ከፊት፣ ዣንጥላዋን ዘርግታ። መሃል ላይ ጥቁር የብረት ንጣፍ አለ፣ በየጊዜው ስለሚታጠብ ያበራል። ያፌት እሱ ላይ በአንድ እግሩ ቆሟል። ፊቱ አብጦ አንድ ዓይኑ ጠፍቷል። አራት ልክ አስገቢዎች በአራት ማዕዘን ቆመዋል። ኤልዳና ወደ ንጣፉ ስትወጣ በሚታየው ዓይኑ አያት።

«ኤልዱ፣ ምን ልትሠሪ መጣሽ?»

«ልመታ!»

«ያበድሽ ሴት። ሂጂ ወደ ቤትሽ።»

«የተናገርከው አይበቃህም? ዝም በል።»

ከግድግዳው ድምፅ መጣ። የሴት ድምፅ ነው፣ ለስላሳ፣ እንደ ነርስ። «አስረጂ፣ አፍ ይምረጡ።»

አስራ ዘጠኝ ዓመት ለሰው መርጣለች። አሁን ለራሷ ነው። የተቀባዩ ስም ውሳኔው ላይ ተጽፏል፣ ስም ካለ በስም ነው። «ዲር ሚስተር ፒከሪንግ» አለች።

«አፉ ተቀባይነት አግኝቷል። ሚስተር ፒከሪንግ ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት አርፈዋል። ስሜታቸው ግን በአደራ ተቀምጧል። ይቀጥሉ።»

ከሰዉ መሃል አንዱ «ለሞተ ሰው ነው እንዴ?» አለ፣ ሌላው አፉን ያዘው።

«ሚስተር ፒከሪንግ፣ ነፍስዎን ይማረው» አለች ኤልዳና። «ባሌ አልዛተም። ይሄ የኛ ያገር ሰላምታ ነው። ሰው ሰውን ሲናፍቅ፣ ወረቀት አልበቃኝም፣ አካልህን ልየው ነው የሚለው። ክፋት የለበትም።»

«በአካል ሲገናኙ ምን ይደረጋል?»

«ሰላም ይባባላሉ።»

«ያሳዩ።»

ኤልዳና ወደ ባሏ ዞረች። ሠላሳ አራት ዓመት አንድ አልጋ ላይ ያደረ ሰው መቼ ሰላም ይባባላል። ጉንጩን ልትስመው ተጠጋች፣ ጉንጭ አልነበረውም፤ ሁለቱም ተተርትሯል፣ ቢነኩት ይደማል። ድሮ ወደቡ ላይ ምሳውን ስትወስድለት፣ የክሬን ነጂ ጓደኞቹ ሲገናኙ የሚያደርጉት ነገር ትዝ አላት። ቀኝ ትከሻዋን ወደ ቀኝ ትከሻው ወርወር አደረገች። ጓ አለ። ያፌት በአንድ እግሩ ተንገዳገደና፣ ገባው፤ በተሰበረ ፊቱ ፈገግ አለ መሰለኝ፣ መልሶ በትከሻው አላት። ጓ።

«ይሄ ምት ነው» አለ ድምፁ። ብረቶቹ አንድ እርምጃ ተራመዱ።

«ኧረ ምት አይደለም፣ ፍቅር ነው!»

«ድምፅ አለው።»

«ድምፅ ከሌለውማ ምኑን ፍቅር ሆነ!»

ሰዉ ሳቀ። ከዛ በፊት በዛ ግቢ ሳቅ ተሰምቶ አያውቅም። ሳቁ ኤልዳናን ሞቅ አደረጋት።

«ስንት ጊዜ ይደረጋል?»

«ሦስቴ ነዋ!»

«የኃይሉ መጠን?»

«እንደ ናፍቆቱ ነው» አለች፣ ወደ ሰዉ ዞራ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። «ትናንት የተለየሽውን ሰው ነካ ታደርጊዋለሽ። ዓመት ያላየሽውን ግን ትከሻውን ነው የምታወልቂው!»

ጭብጨባው ቀለጠ። እትዬ ሶልያና «እሰይ የኔ ልጅ! ጨምሪላቸው!» እያለች ዣንጥላዋን መሬት ላይ ደበደበች።

«ጭራ ይምረጡ።»

«ዩርስ ሲንሲርሊ።»

 ዝንቦች ያፌት ጉንጭ ላይ ይርመሰመሱ ነበር። ከዛ ድምፁ ፈረደ። «ማስረጃው አሳማኝ ነው። ቃሉ ዛቻ ሳይሆን ሰላምታ ነው። አቶ ያፌት ከክሱ ነጻ ናቸው። መስኮቱም ተፈቅዷል።»

እልልታው ሞጆን አናወጣት። ሜላት መሬት ላይ ተደፍታ አፈር ሳመች። ኤልዳና ባሏን በብብቱ ደግፋ ከንጣፉ ልታወርደው አንድ እግሯን አነሳች።

«ሰላምታ ግን አይነፈግም» አለ ድምፁ። «ሚስተር ፒከሪንግና አቶ ያፌት በአካል ይገናኛሉ። ሚስተር ፒከሪንግን ልክ አስገቢ ይወክላቸዋል። ቁጥር፣ ሦስት። የናፍቆቱ ጊዜ፣ ሃያ ሁለት ዓመት።»

«ምን?» አለች ኤልዳና። «ኧረ አይተዋወቁም! በፈጠራችሁ፣ ተያይተው አያውቁም!»

«እንግዲያውስ ከዚያም ይበልጣል። ሃያ ሁለቱ ይበቃል።»

አንዱ ብረት ከማዕዘኑ መጣ። ኤልዳናን በሁለት ጣቱ ቀስ አድርጎ ገለል አደረጋት። ያፌት ፊት ቆመ፣ ጎንበስ ብሎ ቁመቱን አስተካከለ፣ «እንደምን ሰነበቱ» አለና ትከሻውን ወረወረ።

የያፌት አንገት ሥር ያለው አጥንት ተሰብሮ በሸሚዙ ወጣ። ነጭ ነበር። ያፌት ወደቀ፣ ሌላኛው ብረት አንስቶ አቆመው፣ ሰላምታ በቁም ነውና። «ናፍቀውኛል» አለ ብረቱ፣ ሁለተኛውን ወረወረ። ክንዱ ከመጋጠሚያው ወልቆ እንደ ባዶ እጅጌ ተንጠለጠለ፣ ከጎድኑ ደግሞ የሆነ ነገር ቀጭ አለ፣ ከአፉ ደም መጣ። ሰዉ አልጮኸም። መጮህ ስድብ ሆኖ እንዳይቆጠር ሁሉም አፉን ይዞ ነበር። ሦስተኛው የት እንደሚያርፍ ኤልዳና አየች፤ ያፌት አንገቱን መሸከም አቅቶት ጭንቅላቱ ወደ ትከሻው ወርዷል፣ ብረቱ የሚያገኘው እሱን ነው።

መሃል ገባች።

«አስረጂ እኩል ይካፈላል!» አለች። «ግድግዳችሁ ላይ ነው የተጻፈው! ሦስተኛው የኔ ነው!»

ብረቱ ቆመ። በተወለወለው ፊቱ ላይ የራሷን ፊት አየችው፣ አርጅታለች።

«ይቻላል» አለ ብረቱ፣ ትንሽ ጎንበስ ብሎ። «እንደምን ሰነበቱ እትዬ።»

ስትነቃ ጤና ጣቢያ ነበረች። ቀኝ ትከሻዋ ሦስት ቦታ ተሰብሯል። ባሏ ከጎኗ አልጋ ላይ ይተነፍሳል። ሕያው ነው።

በሳምንቱ ዝርዝሩ ላይ አንድ መስመር ተጨመረ። «የሞጆ ሰላምታ» ይላል። ልክ አስገቢዎች ሕዝቡን በአገሩ ባህል ሰላም እንዲሉ ተወስኗል። ቁጥር ሦስት፣ ኃይሉ እንደ ናፍቆቱ። ሰላምታውን ያልመለሰ ወይም የሸሸ ሰው እንደ ሰደበ ይቆጠራል።

የመጀመሪያው ሳምንት መጥፎ ነበር። ከአዳማ ሁለት ዓመት ቆይቶ የተመለሰ አስተማሪ አውቶቡስ ተራው ላይ ሰላም ተባለ፣ እዛው ቀረ። አራስ ቤት የከረመች ሴት አርባ ቀኗን ጨርሳ ስትወጣ ሕፃኑን ለእናቷ አቀብላ ነው የወደቀችው። ከዛ ሰዉ ለመደ። ሰው የማይለምደው ነገር የለም። አሁን ሞጆ ላይ ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን ሰዉ ሁሉ ወጥቶ ልክ አስገቢዎቹ ፊት ይሰለፋል። በየቀኑ የታየ ሰው አይናፍቅም፤ ነካ፣ ነካ፣ ነካ ተደርጎ ያልፋል። የሚቀረው መበለዝ ነው። በሽተኛ በቃሬዛ ይመጣል፣ ሙሽራ ከጫጉላዋ ትወጣለች። የእትዬ ሶልያና ቀኝ ትከሻ እንደ ጥቁር ሎሚ ሆኗል፣ እሷ ግን ሰልፉን ወዳዋለች፤ ወሬ በአንድ ቦታ ተሰብስቦ ይገኛል።

አንድም ቀን ያልወጣው ያፌት ብቻ ነው። መጀመሪያ መነሳት ስለማይችል ነበር። ሐኪሙ ትከሻው ዳግመኛ ቢነካ አይነሳም ብሏል። ልክ አስገቢዎች ያለ ውሳኔ ደፍ አያልፉም፣ ሰላምታ በር ላይ ነው። ስለዚህ አንደኛው ሁልጊዜ ጠዋት ሰልፉ ሲያልቅ በራቸው ላይ ይመጣና ቀስ አድርጎ ሦስቴ ያንኳኳል።

ኤልዳና ግራ ትከሻዋን አስቀድማ ትወጣለች። ነካ፣ ነካ፣ ነካ።

«ጋሽ ያፌት ዛሬስ ተሻላቸው?» ይላል።

«ገና ነው።»

«ዘጠና አራት ቀን ሆናቸው።»

«አውቃለሁ።»

«በጣም ናፍቀውናል።»

«እነግርልዎታለሁ» ትላለች፣ በሩንም ቀስ አድርጋ ትዘጋለች፣ እንዳይጮህ። ያፌት ከበሩ ጀርባ ጫማውን አድርጎ ቆሟል። ከተሻለው አርባ ቀን ሆኖታል።